የአንዲት ረድፍ ሁለት ሴቶች

ገደራና ዋሪቴ አንድ ከተማ በሆኑ ማግስት፣ ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ መጋረጃ ሰፊዋ ናርዶስ ጌጡ ፊቷን ልትታጠብ ከቧንቧዋ ሥር እጇን ዘረጋች። ውሃ አልወረደም።

«ናርዶስ ጌጡ፣ ለዛሬ ጠዋት ታጥበዋል» አላት ቧንቧው እንደ ወትሮው በትሕትና። «ቀጣዩ ውሃ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።»

ናርዶስ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜዋ ብዙ ነገር ረስታለች። ምድጃ ላይ ድስት ረስታለች፤ አንድ ጊዜ የባሏን ሙት ዓመትም ረስታለች። ፊቷን መታጠቧን ግን ረስታ አታውቅም። ዓይኗን ስትጠርግ የሌሊቱ ዓይናር ጣቷ ላይ ቀረ። «ይሄ ታዲያ ምንድን ነው?» ብላ ለቧንቧው አሳየችው። ቧንቧ ደግሞ ጣት እንጂ ዓይናር አያውቅም።

ሳትታጠብ ዳቦ ቤት ሄደች። መስኮቱ «ዳቦዎ ቤትዎ ድረስ ደርሷል፤ መልካም ቁርስ» ብሎ ተዘጋባት። ከኋላዋ የተሰለፈ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ አንዴ ከበሉ ለሌላውም ይተዉ እንጂ!» ሰልፉ ሳቀ። አውቶቡስ ጋ ስትደርስ በሩ ልትገባ ስትል ተከደነ። «እርስዎ አሁን ቤትዎ ተኝተዋል። ከቤትዎ ሲወጡ ይሳፈሩ።»

ከዚያ አንጓዋ ላይ የታሰረችው፣ የምትደውልባት አምባር ነዘረች። «ናርዶስ ጌጡ፣ የልብ መድኃኒትዎን አሁኑኑ ይዋጡ።»

ፍርሃት የገባት እዚህ ላይ ነው። ውሃም ዳቦም ቢከለከል ቆይቶ ይመጣል ይባላል። የናርዶስ ልብ ግን እንደ ስፌት መኪናዋ ስልሳ አንድ ዓመት ያለ ጥገና የሠራ ልብ ነበር። አንድ ቦታ፣ በስሟ፣ የታመመ ልብ እየመታ ነው ማለት ነው።

በእግሯ መዝገብ ቤት ሄደች።

መዝገብ ቤቱ በር ላይ «ሁለት ነበርን፣ አንድ ሆንን» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ከዚያ በፊት፣ ውሃና ዳቦ በነዋሪዎች ሠንጠረዥ ለአንድ ረድፍ አንድ ድርሻ እየተባለ መታደል ከጀመረ ወዲህ፣ ሰዉ በሁለቱም ከተማ እየተመዘገበ ሁለት ድርሻ ይወስድ ነበር። ገደራ ቁርሱን በልቶ ዋሪቴ ሄዶ ቁርሱን የሚደግመው ሰው ብዛት አይነገርም። አንድ የገደራ ሰውዬማ ጠዋት ጠዋት ሁለቴ ከመታጠቡ ብዛት ግንባሩ ሳስቶ፣ የሚያስበው ነገር ከውጭ ይነበብ ነበር ይባላል፤ ሚስቱ በዚሁ ምክንያት ፈታችው። ምክር ቤቱ ሁለቱን ሠንጠረዦች ያዋሃደው ይህን ሕዝብ ለማራገፍ ነው። ስምንት መቶ ሺህ ረድፍ ገባ፣ ሰባት መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ ወጣ። በጭብጨባ ጸደቀ።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ወርቅያንሹ የምትባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። የጥንት ስም ያኔ ፋሽን ሆኖ፣ ወጣቱ ሁሉ ወርቅያንሹና ተሰማ፣ አሮጊቱ ሁሉ ናርዶስና ሶልያና ነበር።

«እንዲህ ነው እማማ» አለች ወርቅያንሹ። «ሁለት ሠንጠረዥ ነበር። አንዱን ባንዱ ላይ ደረብነው። ሁለቱም ውስጥ ያለ ረድፍ ሲገኝ አንዱ ይቀራል፣ አንዱ ይወድቃል። ሁለት ጊዜ የተጻፈ አንድ ሰው ነዋ።»

«እኔ ዋሪቴ ተመዝግቤ አላውቅም!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«በአባቴ አጥንት! ዋሪቴን የማውቃት በመስኮት ነው።»

ወርቅያንሹ ወደ ሰሌዳዋ አቀርቅራ አነበበች። «ናርዶስ። ጌጡ። ሸዋረጋ። ሴት። መስከረም አንድ ቀን ሁለት ሺህ ሃያ አንድ። የገደራውም ይሄው፣ የዋሪቴውም ይሄው። በአንድም ዓምድ አይለዩም።»

«የኔ ልጅ፣ በኛ ጊዜ የተወለደበትን ቀን የረሳ ሁሉ መስከረም አንድ ነበር የሚባለው። መስከረም አንድ ያልተወለደ ማን አለ? የእናት ስም የሚል ዓምድ የለም?»

«ነበረ። ሠንጠረዡ ሰፋ ተብሎ ተቆረጠ።»

«እና አሁን ልዩን።»

«ረድፍ አይሰነጠቅም።» ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትእዛዙ ላይ ‹ሁሉንም› የምትል ቃል ብትጨመር ኖሮ ምንም አይወድቅም ነበር፤ ሁለታችሁም ትኖሩ ነበር። ምክር ቤቱ ቃሏን አውጡ አለ። የድሮዎቹ ሠንጠረዦች ደግሞ ቦታ ያዙ ተብሎ ተደምስሰዋል።»

ናርዶስ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። «ይቺ ሌላዋ... ልቧን ያማታል መሰለኝ።»

«አዎ። እዚህ ላይ ደከም ብለዋል ይላል። ማለቴ እርስዎ።»

«ብትሞትስ?»

«ረድፉ ይዘጋል።»

«እኔስ?»

ወርቅያንሹ ከሰሌዳዋ ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት። «የተዘጋ ረድፍ ውሃ አይወርድለትም፣ በር አይከፈትለትም፣ መንገድ ላይ ቢገኝ የቀብር ጋሪ ያነሣዋል። ቶሎ ሄደው ቢያዩዋት ይሻላል፣ እማማ።»

ከገደራ እስከ ዋሪቴ በእግር ሦስት ሰዓት ነው። ናርዶስ መንገዱን ሙሉ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዛ ሄደች፦ አሁን ሞታ ቢሆንስ? በየመብራት ምሰሶው ሥር ስታልፍ መብራቱ ያውቃት እንደሆነ ቀና ብላ ታያለች። ፊቷ አልታጠበም፣ ሆዷ ባዶ ነው፣ ግን ገና በሕይወት ናት።

ወርቅያንሹ የነገረቻት ቤት ስትደርስ ልታንኳኳ እጇን አነሣች። በሩ ቀደማት። «ናርዶስ ጌጡ፣ እንኳን በደህና ተመለሱ» ብሎ ወለል አለ።

ውስጥ አንዲት ሴት ሦስት ትራስ ተደግፋ አልጋ ላይ ዳቦ ትበላለች። ከንፈሯ ጠቆር ብሏል፣ ዓይኗ ግን እንደ ሽፍታ ዓይን የነቃ ነው። ጎረቤት ናኒ ይላታል፤ እኛም እንዳንምታታ ናኒ እንበላት።

«ማነሽ አንቺ? በሬ ለሰው ተከፍቶ አያውቅም።»

«ናርዶስ ጌጡ ነኝ።»

«እኔስ ማን ልሁን ታዲያ?»

«አንቺም ናርዶስ ጌጡ ነሽ። የምትበዪው ዳቦ የኔ ነው።»

ናኒ የያዘችውን ቁራሽ አየት አድርጋ ጎረሰችው። «የቀረው ያንቺ ይሁን» አለች አፏ ሞልቶ።

ናርዶስ መልስ ልትሰጥ ስትል ግድግዳው ላይ ዓይኗ ቀረ። አንድ ሰውዬ የሚኒባስ በር ደገፍ ብሎ፣ አንድ እጁን መስታወቱ ላይ አድርጎ፣ ሰውን አታሎ እንደጨረሰ ሰው ፈገግ ብሏል። ይሄው ፎቶ ገደራ፣ ከስፌት መኪናዋ በላይ ተሰቅሏል።

«አባቴ እዚህ ምን ይሠራል?» አለች።

«አባቴ ነው እንጂ!»

ጌጡ ሸዋረጋ ዕድሜውን ሙሉ ከገደራ ዋሪቴ፣ ከዋሪቴ ገደራ ሚኒባስ የነዳ ሰው ነበር። ገደራ የሚያድረው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነው።

«ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ» አለች ናኒ ቀስ ብላ።

«እሑድስ?»

«እሑድ ተራ እጠብቃለሁ ይል ነበር።»

«እኛንም እንደዚያ ይለን ነበር! እሑድ የት ነበር ታዲያ?»

«ሦስተኛ ናርዶስ እንዳትኖር!» አለችና ናኒ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞሮ ከንፈሯ ጠቆረ። ናርዶስ ሳታስበው ሮጣ ደግፋ ያዘቻት። የናኒ ልብ እጇ ላይ ይመታል፤ ሁለቴ ይመታል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ያስባል፣ ከዚያ ይመታል። ልቡ ሲቆም ናርዶስም ትንፋሿን ታቆም ነበር።

ናኒ ሳሉ ሲለቃት «ስማችንን ለምን አንድ እንዳደረገው አወቅሽ?» አለች። «በእንቅልፍ ልቡ ይለፈልፍ ነበር። እናቴ ከአፉ ሌላ ስም ሰምታ አታውቅም። ናርዶስ፣ ናርዶስ። ልጁን እንዴት ቢወዳት ነው ትል ነበር።»

«የኔም እናት።»

«ሁለት ስም የሚይዝ ራስ ስላልነበረው፣ አንዱን ስም ለሁለት አካፈለው። ጎበዝ!»

«ጎበዝ አትበይ፤ ሊገድለኝ ነው» አለች ናርዶስ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ናርዶስ የስፌት መኪናዋን አስመጥታ ዋሪቴ ገባች። ፍቅር አይደለም ያስገባት፤ ፍርሃት ነው። ጠዋት የሚወርደው ውሃ የናኒ፣ የማታው የናርዶስ ሆነ። ዳቦው በክር እየተለካ ለሁለት ይቆረጣል። ናርዶስ ከቤት ስትወጣ ናኒ ድምፅዋን አጥፍታ ትተኛለች፤ ቤቱ ሰምቶ እዚህም እዚያም ናቸው እንዳይል። ምሳ ላይ ናኒ ጨው ስትነሰንስ ናርዶስ እጇን ትይዛለች።

«ጨው አትንኪ! ልትገድይኝ ነው እንዴ?»

«በራሴ ወጥ!»

«በኔ ነፍስ!»

ናኒ ደግሞ የአባቷ ልጅ ነች። አንዳንዴ ናርዶስ መጋረጃ ላይ ስታቀረቅር ጠብቃ ትንፋሿን ትይዝና ዓይኗን ታፈጣለች። ናርዶስ መቀሱን ጥላ ስትሮጥ፣ ናኒ «አለሁ እቴ፣ መኖሬን ላስታውስሽ ብዬ ነው» ትላለች። ናርዶስ ረግማት ረግማት ትቀመጥና እጇ ለአንድ ሰዓት ሲንቀጠቀጥ ይቆያል። በዚያ ሳምንት የሰፋቻቸው መጋረጃዎች ሁሉ ጠርዛቸው ሞገድ ነበረው፤ ደንበኞቿ አዲስ ዲዛይን መስሏቸው ወደዱት።

ሌላው ጭቅጭቃቸው ታላቅነት ነበር። ሁለቱም መስከረም አንድ ናቸው፤ የሚመሰክር የለም። «ታላቅሽ ነኝ፣ ውሃ አምጪ» ትላለች ናኒ። «በምን ታወቀ?» ትላለች ናርዶስ፣ ውሃውን ይዛ እየመጣች።

በሦስተኛው ሳምንት የናኒ የልብ ምርመራ ቀን ደረሰ። ሳይመረመሩ መድኃኒቱ አይታደስም። ናኒ ግን ከአልጋ እስከ በሩ ለመሄድ እንኳ ሦስት ጊዜ ታርፋለች።

«እኔ እሄድልሻለሁ» አለች ናርዶስ። «ረድፋችን አንድ አይደል?»

ናኒ በደስታ ጭኗን መታች። «አየሽ! ጌጡ አልሞተም!»

ሁለቱም ብልጠት መስሏቸው ሳቁ። ናርዶስ ነጠላዋን አድርጋ ሄደች። ጤና ጣቢያው በሩ ላይ አወቃት፣ አስቀመጣት፣ ቀዝቃዛ ሳህን የመሰለ ነገር ደረቷ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ብዙ አዳመጠ። ከዚያ የደስታ ዜማ አሰማ።

«ናርዶስ ጌጡ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ልብዎ ድኗል። መድኃኒቱ ከዛሬ ጀምሮ ተቋርጧል።»

«አይ! አይ፣ አልዳንኩም!» ናርዶስ ደረቷን ያዘች። «ይኸው ያመኛል! እየሞትኩ ነው!»

«ለዳነ ሰው ቀጣዩ ምርመራ ከስድስት ወር በኋላ ነው።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ አቃሰተች፣ ትንፋሿን ይዛ ፊቷን አጠቆረች። እዚያ የነበሩ ሕመምተኞች በቅናት አዩዋት። በመጨረሻ በሩ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ገፋት። ከዚያ በኋላ ማንም መድኃኒት ቤት ለናርዶስ ጌጡ የልብ መድኃኒት አይሰጥም፤ ጤነኛ ናት።

ቤት ስትገባ ናኒ ፊቷን አይታ አወቀች። ብልቃጡን አራግፋ ቆጠረች። አሥራ ሦስት ፍሬ።

«ገደልኩሽ» አለች ናርዶስ።

«ራስሽንም ጨምረሽ ነዋ» አለች ናኒ። ቀጥላም «ነይ፣ ቢላ አምጪ» አለችና እያንዳንዱን ፍሬ ለሁለት ቆረጠችው። ሃያ ስድስት ቀን ሆነ።

በግማሽ ፍሬ ናኒ እየከሳች ሄደች። ትንፋሽ የመያዝ ቀልዷንም ተወችው። ያን ጊዜ ነው ናርዶስ የባሰ የፈራችው፤ ቀልዱ ሲጠፋ። አሁን የምትፈራው ለየትኛዋ ናርዶስ እንደሆነ ራሷም አታውቅም ነበር። ሰባት ግማሽ ሲቀር ተነሥታ መዝገብ ቤት ሄደችና መስኮቱን በሁለት እጇ ደበደበች።

ወርቅያንሹ ግራ ቀኝ አየች። «አዲስ ረድፍ የሚከፈተው ለሚወለድ ሰው ብቻ ነው» አለች።

«እኔ ተወልጃለሁ!»

«ማስረጃ የለዎትም እኮ። ሰሌዳው የሚያውቀው አንዲት ናርዶስን ነው፤ እሷ ደግሞ አለች። እርስዎ ያልተወለዱ ሰው ነዎት።» ልጅቷ እርሳሷን ነከሰች። «ያልተወለደ ሰው ደግሞ... ሊወለድ ይችላል።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወርቅያንሹ ሰሌዳዋን በሻሽ ጠቅልላ ዋሪቴ መጣች። የምትወለደው ማን ትሁን የሚለው ክርክር አጭር ነበር። «እኔ መሞቻዬ ደርሶ ምን ብዬ እወለዳለሁ?» አለች ናኒ። «እናት እሆናለሁ። እሱን ሞክሬው አላውቅም።»

«የእናት ዕድሜ ይጠይቃል?» አለች ናርዶስ።

«ተቆርጧል። ክብደት ግን ይጠይቃል።»

«ሃምሳ ስድስት ኪሎ ነኝ።»

ወርቅያንሹ ትንሽ አሰበችና ነጥብ አስገባችባት። «አምስት ነጥብ ስድስት። ትልቅ ልጅ ናት፤ እግዜር ያሳድጋት። የትውልድ ቀን ዛሬ፣ የካቲት አሥራ ዘጠኝ። አሳዳጊ፣ እናት። ስም?»

ናርዶስ ስሟን ልትናገር ጀምራ ተወችው። ለስልሳ አንድ ዓመት የለበሰችው ስም ነው፤ ቢጋራም ስሟ ነው። ናኒ እጇን ዘርግታ ያዘቻት።

«ምትኬ» አለች። «ናርዶስን እኔ ይዣት እሄዳለሁ። አንቺ ምትኬ ሁኚ።»

ሰሌዳው ጮኸ። የቤቱ መብራት ለሰላምታ ብልጭ አለ፣ በሩም «እንኳን ማርያም ማረችዎት» አለ ለናኒ። ናኒ እስክታነባ ሳቀች። «አሁንስ ታላቅነቴን ታምኛለሽ?»

ወርቅያንሹ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። «የሕፃን ደንብ ብዙ ነው። ሁሉንም አላነበብኩትም፤ ኋላ እናየዋለን።»

በማግስቱ ቧንቧው ሳይጠየቅ ለብ ያለ ውሃ ለቀቀ። «ምትኬዬ፣ ነይ እንታጠብ!» ናርዶስ ከአንድ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት ታጠበች፤ አንገቷን፣ ጀርባዋን፣ እስኪበቃት። የስፌት መኪናዋ ግን አልነሣም አለ። መርፌ ለሕፃን አደገኛ ነው። አምባሯም ድርግም ብላ ጠፋች፤ ሕፃን አይደውልም። ከቤት ስትወጣ ናኒ ከአልጋዋ ሆና «ትውጣ» ማለት ነበረባት። «ሩቅ እንዳትሄጂ!» ትጨምርባታለች፣ ደስ ብሏት። ናርዶስም «እሺ እማዬ» ትላለች፣ ጥርሷን ነክሳ። በአራተኛው ቀን ግን ጥርሷን ሳትነክስ ነው ያለችው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ናርዶስ በማንኪያ ሾርባ ስታበላት፣ ናኒ ትንፋሿን ያዘች። ዓይኗን አፈጠጠች።

«ተይ» አለች ናርዶስ። «ተይ እንጂ፣ ይሄን ቀልድ ትተሽው ነበር።»

ማንኪያውን ይዛ ጠበቀች። ሾርባው ማንኪያው ላይ ቀዘቀዘ። አለሁ እቴ የሚል ድምፅ አልመጣም።

ያወጀው በሩ ነው። «ናርዶስ ጌጡ ሸዋረጋ ዐርፈዋል። ረድፉ ተዘግቷል።»

የዕድር ሰዎች ወዲያው ደረሱ፤ አራት ሽማግሌዎች ቃሬዛ ይዘው ገቡ። ናኒን ገንዘው አነሡ። ናርዶስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላቸው ተከተለች። አራቱና አስከሬኑ እንደወጡ በሩ አፍንጫዋ ሥር ተከደነ።

«ሕፃን ያለ አሳዳጊ አትወጣም» አለ።

«ክፈት! እህቴ ናት! ልቅበራት!»

ከውጭ አንዱ ሽማግሌ በሩን ገፋው፣ ሌላው በርግጫ መታው። «እማማ፣ ምንድን ነው ጉዱ?»

«ወርቅያንሹን ጥሩልኝ! መዝገብ ቤት ያለችውን!»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ዝግ ነው። ሰኞ እንነግርልዎታለን፣ አይዞዎት!» ቃሬዛው ከባድ ነው፣ የቀብር ሰዓቱም የተመደበ ነው። ኮቴያቸው ራቀ። አዋጅ ነጋሪው ድምፅ በየምሰሶው እየተቀባበለ ሲጠራ ተሰማ፦ ናርዶስ ጌጡ፣ ናርዶስ ጌጡ፣ የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ዘጠኝ ሰዓት። ገደራ ያሉ ጎረቤቶቿ ይሄን ሰምተው አሁን ነጠላ እያዘቀዘቁ ይሆናል።

ናርዶስ በስልሳ አንድ ዓመት ቡጢዋ በሩን ደበደበችው። ጮኸች። ስሙን ጠርታ አባቷን ረገመች፤ ፎቶው ግድግዳው ላይ ፈገግ እንዳለ ነው።

በሩ ጩኸቱን አዳመጠ። «ምትኬ እያለቀሰች ነው» አለ ለራሱ። ከዚያ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «አይዞሽ ሚጡዬ። አዲስ አሳዳጊ ይመደብልሻል። ከፊትሽ አራት ሺህ ሁለት መቶ ልጆች አሉ።»

መጋረጃዎቹ፣ ራሷ የሰፋቻቸው ባለ ሞገዶቹ፣ በቀትር ቀስ ብለው ተዘጉ። መብራቱ ደበዘዘ። ቧንቧው ለብ ያለ ወተት ማንጠባጠብ ጀመረ። ቤቱም ከአራቱም ግድግዳ እሹሩሩ ይላት ጀመር።

የተወለደች በአምስተኛ ቀኗ ነበር።